ቦዩን ማጥበብ፦ የደም ሥር የሚያጠብቡ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ

በ1977 እና በ1978 በወሎ ገጠር ሰዎች እግራቸውን ጉንዳን የወረራቸው ያህል ይነዝራቸው፣ እሳት የነካቸው ያህል ያቃጥላቸው ጀመር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቶቻቸው ቀዘቀዙ፤ ቀዝቅዘውም አልቀሩ፣ ጠቆሩ፤ ጠቁረው ደረቁ፤ የአንዳንዱም ሰው እግር ደርቆ ወደቀ። እሾህ አልወጋቸው፣ እባብ አልነደፋቸው። ጥፋቱ የመጣው ከሚበሉት እህል ነበር። ከሰብሉ ጋር በበቀለው ሲናር ላይ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ አድሮበታል። ይህ ፈንገስ በእህሉ ዛላ ላይ ፍሬ በሚቀመጥበት ቦታ ጥቁር፣ ቀንድ መሳይ ነገር ያበቅላል። እሱ ሳይለቀም አብሮ ተፈጨ፤ ተጋገረ፤ ተበላ። በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ ተመሳሳይ መከራ ደርሷል።

በፈንገሱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የደም ሥርን ያጠብባሉ። እግር ላይ ያለው ትንሽ የደም ሥር ለቀናት ጠብቦ ሲቆይ ደም አይደርስም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ግን ሌላኛው ገጹ ነው። ሃሮልድ ዳድሊ እና ቻሳር ሞይር በ1935 ለንደን ላይ ከዚሁ ፈንገስ ኤርጎሜትሪንን ለይተው አወጡ። ወልዳ ደም አልቆም ያላት እናት ይህን መድኃኒት በመርፌ ስትወጋ ማህፀኗ በደቂቃዎች ውስጥ ጭብጥ ይላል። የማህፀን ጡንቻ ክሮች በደም ሥሮቹ ዙሪያ ተጠላልፈው የተቀመጡ ናቸውና ሲኮማተሩ ሥሮቹን እንደ ገመድ ያንቃሉ፤ ደሙም ይቆማል። የወሎ ገበሬ እግር ያጣበት ፈንገስ እናትን ከሞት አፋፍ ይመልሳል ማለት ነው።

ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ካነበብኩ በኋላ የቀረኝ እምነት አንድ ነው። የደም ሥርን ማጥበብ በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ የት፣ በምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ነው ሁሉን የሚወስነው። የደም ግፊት ቁጥር መውጣቱ ደግሞ ደም መድረሱን አያረጋግጥም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በሐኪም ዘንድም በታማሚ ዘንድም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው።

መስኖ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ሲያንስ ገበሬው በአካፋ አፈር አንስቶ የአንዱን መደብ ቦይ አፍ ይደፍናል። በዋናው ቦይ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፤ ወደ ሌላው መደብም በኃይል ይፈስሳል። የተደፈነው መደብ ግን ይጠብቃል። ለአንድ ሰዓት ቢጠብቅ ችግር የለም፤ ለሳምንት ቢጠብቅ ግን ይጠወልጋል።

በሰውነታችን ውስጥ ይህን የመድፈንና የመክፈት ሥራ የሚሠሩት ትልልቆቹ የደም ሥሮች አይደሉም። ከፀጉር የማይወፍሩት ትንንሾቹ ደም ወሳጆች ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚዞር ለስላሳ ጡንቻ አለ፤ እሱ ሲኮማተር ቀዳዳው ይጠባል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፕዋዘይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ፈሳሽ እያሳለፈ የደረሰበት ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። ግፊቱ ሳይለወጥ የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። በአንድ አምስተኛ ብቻ ቢጠብ እንኳ የሚያልፈው ከግማሽ በታች ነው። አንድ ጠብታ መድኃኒት ያን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው፤ ጡንቻው ትንሽ ሲነቃነቅ ፍሰቱ በብዙ ይለወጣል።

ሥራው በሕዋስ ደረጃ እንዲህ ነው። ነርቮች የሚለቁት ኖራድሬናሊን በጡንቻው ሕዋስ ቅርፊት ላይ ያለ አልፋ-1 የሚባል ተቀባይ ይነካል። ተቀባዩ ወደ ውስጥ መልእክት ይልካል፤ በመልእክቱም በሕዋሱ ጓዳ ተከማችቶ የነበረው ካልሲየም ይለቀቃል። ካልሲየሙ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ አንድ ኢንዛይም ያነቃል፤ ኢንዛይሙ ማዮሲንን ያዘጋጃል፤ ማዮሲን አክቲንን ጨብጦ ይጎትታል። ጡንቻው አጠረ፣ ቀዳዳው ጠበበ። ቫሶፕሬሲንና አንጂዮቴንሲን የሚባሉት ሆርሞኖችም የየራሳቸው ተቀባይ አላቸው፤ መጨረሻቸው ግን ያው የካልሲየም ጓዳ ነው። በሮቹ ሦስት፣ ጓዳው አንድ። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። አንዱ በር ሲደክም ሐኪም በሌላው መግባት ይችላል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት መድኃኒት የሚደረበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1894 እንግሊዛውያኑ ጆርጅ ኦሊቨር እና ኤድዋርድ ሼፈር ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ እንስሳ ላይ ሲወጉ የደም ግፊቱ በአስደናቂ ሁኔታ ሲያሻቅብ አሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊንን በንጹሕ ቅንጣት መልክ አወጣው። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1946 ነርቮች ራሳቸው ጫፋቸው ላይ የሚለቁት ኖራድሬናሊን መሆኑን አረጋገጠ። ከሁሉም ግን እኔን የሚያስደንቀኝ አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት ነው። በ1948 ያሳተመው ጽሑፍ ቀደም ሲል ሌላ መጽሔት አልቀበልም ብሎት ነበር። ያለውም ይህን ነው፦ ተቀባዮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አልፋ እና ቤታ። አንድ ዓይነት አድሬናሊን የቆዳን የደም ሥር ሲዘጋ የእግር ጡንቻን የደም ሥር የሚከፍተው ተቀባያቸው ስለሚለያይ ነው። «የደም ሥር አጥባቢ» የሚለው ስም ራሱ ግማሽ እውነት መሆኑ ያኔ ታወቀ። የደም ሥር ሁሉ አንድ አይደለም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ከደማችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በማንኛውም ሰዓት ተኝቶ የሚገኘው በደም መላሾች ውስጥ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ደም መላሾችንም ይጨምቃሉ፤ የተኛው ደም ወደ ልብ ይመለሳል፤ ልብም የሚረጨው ያገኛል። ግፊት የሚወጣው በመድፈን ብቻ ሳይሆን በማስመለስም ነው።

አሁን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንግባ፤ የዚህ ጥያቄ ከባዱ ክርክር ያለው እዚያ ነውና። ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይመረታል፤ የደም ሥሮቹ ጡንቻ ይላላል፤ ቦዮቹ ሁሉ ባንዴ ይከፈታሉ። ግፊቱ ወርዶ አንጎልም ኩላሊትም ደም ያጣሉ፤ ይህ ሾክ ይባላል። በዚህ ጊዜ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ኖራድሬናሊን ነው፤ የተለመደው ግብም አማካይ ግፊትን 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማድረስ ነው። ዶፓሚን ለብዙ ዓመታት ተፎካካሪው ነበር። በ2010 የታተመ 1,679 ታማሚዎችን ያሳተፈ የአውሮፓ ጥናት ግን በሁለቱ መካከል በሞት ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የልብ ምት መዛባት ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነበር፦ በዶፓሚን 24.1 በመቶ፣ በኖራድሬናሊን 12.4 በመቶ። ዶፓሚን እንዲተው ይህ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል።

«65 ጥሩ ከሆነ 80 አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2014 ፈረንሳይ ውስጥ 776 ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። ግፊታቸው ከፍ ተደርጎ የተያዙት በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው አልጨመረም፤ የልብ ምት መዛባት ግን በዛባቸው። ቁጥሩ አማረ፣ ሰውየው ግን አልተጠቀመም።

ለእኛ አህጉር ከሁሉ በላይ ሊነበብ የሚገባው ግን በ2017 የታተመው የዛምቢያ ጥናት ይመስለኛል። በሉሳካ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል 212 ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ነበሩ። አንደኛው ወገን በሀብታም አገሮች የተለመደውን መንገድ ተከተለ፦ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት፣ ግፊቱ ካልተነሣ ዶፓሚን፣ ካስፈለገ ደም። ሌላው ወገን የሆስፒታሉን የተለመደ አሠራር ተከተለ። በመጀመሪያው ወገን ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 48.1 በመቶ ሲሆኑ በሁለተኛው 33 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሳየው ደጋግሜ አነበብኩት። የመተንፈሻ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ታማሚው ቀድሞ በረሃብና በሳንባ ነቀርሳ በተጎዳበት ቦታ፣ ሌላ አገር የዳኑበትን መንገድ እንዳለ መገልበጥ ሰው ይገድላል። ጥፋቱ የፈሳሹ ይሁን የመድኃኒቱ ጥናቱ ለይቶ አይነግረንም፤ ዋናው ተጠርጣሪ ፈሳሹ ነው። ግፊትን በግድ ማንሣት ብቻውን ሕክምና አለመሆኑን ግን በግልጽ አሳይቷል።

በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ነርሶች በዓይናቸው የሚጠብቁት አደጋም አለ። ኖራድሬናሊን በክንድ ላይ ባለች ቀጭን ሥር ሲሰጥ መርፌው ከሥሩ ወጥቶ መድኃኒቱ ወደ ሥጋው ቢፈስስ፣ ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ይጠቁራል። ከወሎ እግር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ። ማርከሻው ፌንቶላሚን ነው፤ አልፋ ተቀባዮችን ይዘጋና ሥሩ ዳግም ይከፈታል።

በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት ዘንድ ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በወገቧ የሚወጋው ማደንዘዣ ሕመምን ብቻ አያቆምም፤ የደም ሥሮቿን ጨብጠው የያዙትን ነርቮችም ያደነዝዛል። ሥሮቹ ይላላሉ፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ያጥወለውላታል፣ «ወደ ላይ አለኝ» ትላለች። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የሚሰጧት ኤፌድሪን ነበር። ኤፌድሪን ራሱ ብዙም አያጠብብም፤ ነርቮቹ ያከማቹትን ኖራድሬናሊን ያስለቅቃል። ስለዚህ ሲደጋገም ጓዳው ባዶ ይሆንና ኃይሉ ይቀንሳል። በእንግዴ ልጁ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የልጁን ደም ወደ አሲድነት ሊያዘነብለው ይችላል። ፌኒሌፍሪን በቀጥታ አልፋ ላይ ስለሚሠራ ይህ ችግር ያንሰዋል፤ በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነትም ያስቀደመው እሱን ነው። ከግፊቱ ጋር የእናቲቱ የልብ ምት ዝግ ቢል ሊያስደነግጥ አይገባም። አንገት ውስጥ ያሉት የግፊት ጠባቂዎች ግፊቱ መነሣቱን አይተው ልብን «ቀስ በይ» ማለታቸው ነው። ዝግታው ከበዛ ግን ሐኪሙ ያርመዋል።

ለአካባቢ ብቻ የሚሰጠው ዓይነት በብዙዎቻችን አፍ ውስጥ አልፏል። ጥርስ ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ድዱ ላይ መርፌ ሲወጋ ድዱ ነጣ ይላል፤ ልቡም ለአፍታ በፍጥነት ይመታል። በሊዶካይኑ ውስጥ አድሬናሊን አለ፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ100,000 እጅ አንድ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ማለት ነው። ሊዶካይን ብቻውን የደም ሥርን ስለሚያላላ ቶሎ በደም ታጥቦ ይሄዳል። አድሬናሊኑ አካባቢውን ሲያጠብበው ማደንዘዣው ይቆያል፣ መድማቱም ይቀንሳል። አዋጭ አሠራር ነው።

በሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ለትውልድ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ ጣት፣ አፍንጫ፣ ጆሮና ብልት ላይ አድሬናሊን አይወጋም፣ ይበሰብሳል። ካናዳዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በእጅና በጣት ላይ ዝቅተኛ መጠን አድሬናሊን የተወጉ 3,110 ታማሚዎችን ተከታትለው አንድም የበሰበሰ ጣት አላገኙም። የጥንቱ ጉዳት ይበልጥ የመጣው አሲድነቱ ከበዛ ከአሮጌ ፕሮካይን ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መያዝ አለበት። ስኳር ወይም ሌላ በሽታ የደም ሥሩን ያጠበበበት ሰው ጣት ለብቻው ይታያል፤ ይህም ለሠለጠነ እጅ እንጂ ለማንም የተፈቀደ አይደለም።

የአፍንጫ ጠብታዎችን ነገር በአጭሩ ማለፍ አልችልም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ ናቸውና። ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን በአፍንጫ ውስጥ በደም ያበጠውን ሥጋ በደቂቃዎች ውስጥ ያሟሽሻሉ፤ ሰው ተኝቶ ያድራል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን በኋላ ግን ጠብታው ሲያልቅ አፍንጫው ከበፊቱ ይበልጥ ይዘጋል። ሰውየው ጉንፋኑ ያልለቀቀው መስሎት ሌላ ጠርሙስ ይገዛል፤ በዚህ ዓይነት ወራት የቆዩ ሰዎች አሉ። መፍትሔው ጠብታውን መተው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበት የአፍንጫ መርጫ ሊያግዝ ይችላል። ትንሽ ልጅ ይህን ጠብታ ቢጠጣው ራሱን ሊስትና ትንፋሹ ሊዘገይ ስለሚችል ጠርሙሱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው አንጀትና ጉበት ውስጥ ተሰባብሮ ይቀራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በ2023 በሙሉ ድምፅ ለተዘጋ አፍንጫ አይሠራም አሉ፤ ባለሥልጣኑም በ2024 ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ብዙ የጉንፋን ኪኒን ላይ አሁንም ስሙ ተጽፏል።

ወደ ኤርጎት እንመለስ። አርተር ስቶል በ1918 ያወጣው ኤርጎታሚን ለዘመናት ለማይግሬን ሲሰጥ ቆይቷል። ተቀባዩን ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ጥንካሬውም አደጋውም ይህ ነው። ሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ነው። ለኤችአይቪ በሁለተኛ ደረጃ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ጋር የሚታዘዘው ሪቶናቪር ይህን ኢንዛይም ይዘጋዋል፤ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲንም እንዲሁ። አንድ ሁለት ኪኒን ኤርጎታሚን በዚህ ላይ ሲጨመር ሰውየው የወሎን በሽታ በዘመናዊ መልኩ ይታመማል፦ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ የክንዱ የደም ትርታ ይጠፋል። ለራስ ምታት ኪኒን የሚጠይቅ ሰው «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው፤ የኤችአይቪ መድኃኒቱን በሰው ፊት መናገር ለሚያፍር ሰው ደግሞ ጥያቄው ገለል ባለ ቦታ ሊጠየቅ ይገባል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጡት ሱማትሪፕታንና ቤተሰቦቹ የሴሮቶኒንን ተቀባይ መርጠው ስለሚነኩ የተሻሉ ናቸው፤ የልብ የደም ሥር በሽታ ላለበት ሰው ግን እነሱም አይሰጡም። ኤርጎሜትሪንም ቢሆን ግፊቷ ለወጣ እናት አይሰጥም፤ ብርሃን ሳይነካው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልተቀመጠም ኃይሉ ይሟጠጣል። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሐኪም እጅ ውጭ በየዕለቱ የሚወሰደውን አጥባቢ ሳይጠቅስ የሚያልፍ የአማርኛ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 ነው ተለይቶ የታወቀው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ከአወዳይ የሚነሣው ጭነት መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት የሚበረው ለዚህ ነው። ካቲን የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ካቲኖን ደግሞ ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። ሁለቱም ነርቮች ያከማቹትን ኖራድሬናሊን ያስለቅቃሉ። በምርቃናው ሰዓት የልብ ምት ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ የልብ የደም ሥሮች ሊጨመደዱ ይችላሉ። ከሰዓት በኋላ ሲቅም ቆይቶ ለጉንፋን ሱዶኤፌድሪን ያለበት ኪኒን የሚውጥ ሰው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ነገሮችን ደርቦ መውሰዱን ማንም አልነገረውም። ለቀዶ ጥገና የተዘጋጀ ሰውም ለሰመመን ባለሙያው ጫት መቃሙን ሊደብቅ አይገባም፤ ባለሙያውም ቆጥቶ ሳይሆን ረጋ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

የግፊት ቁጥር ደም መድረሱን ካላረጋገጠ፣ መድረሱ በምን ይታወቃል? በ2019 ከአምስት የላቲን አሜሪካ አገሮች በዚህ ላይ ጥናት ታተመ። 424 ሾክ ውስጥ የወደቁ ታማሚዎች ነበሩ። ግማሾቹ ሕክምናቸው የሚመራው በደም ውስጥ ባለው ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ልክ ነበር፤ ግማሾቹ በጣት፣ ማለትም ተጭነው ሲለቁት ደም ወደ ጣቱ በሚመለስበት ፍጥነት። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ፣ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ለጥቂት አልበቃም፤ ቢያንስ ግን ጣቱ ከላቦራቶሪው አላነሰም። አሠራሩ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሐኪሙ የታማሚውን የቀኝ አመልካች ጣት ይይዛል። በጣቱ ሆድ ላይ፣ ቆዳው ፈካ በሚልበት በኩል፣ ትንሽ መስታወት አስደግፎ እስኪነጣ ይጫናል፤ 10 ሰከንድ ይቆያል፤ ይለቃል። ከዚያ ይቆጥራል። ቀዩ በ3 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ደሙ ደርሷል። ካልተመለሰ፣ የግፊት መለኪያው 65 ቢያሳይም ገና አልደረሰም፤ ሐኪሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጣት ይይዛል።